የልጄ ማተብ

ሞጣ፣ ኅዳር ፲፪ ቀን ፲፱፻፸፬ ዓ.ም.

ዛሬ ልጃችን ክርስትና ተነሣች። ቄሱ ማተቧን ሲያስሩላት ሰው ሁሉ የእኔን ባዶ አንገት ያይ ነበር። ካድሬዎቹን ፈርቼ የበጠስኩት ይመስላቸዋል። የማተብ ክር ሲነካው ቆዳዬ ውኃ እንደሚቋጥር፣ ይህንንም ከአባቴ እንደወረስኩት ቢቸና ያሉት ዘመዶቼ ያውቃሉ፤ እዚህ ግን ከባለቤቴ ከትሩዬ በቀር የሚያውቅ የለም።

ሲመሻሽ ትሩዬ ልጅቷን ልታጥብ ስትል ጠራችኝ። ማተቡ ያረፈበት ቦታ ውኃ ቋጥሯል።

«ክሩ ጠብቆባት ነው» አለችኝ፣ ዓይኔን ሳታይ።

ዝም ብዬ ፈታሁት። ነገ ሰፈሩ የልጁንም በጠሰ ይላል። ይበል። እኔን የጨነቀኝ ሌላ ነው። እናቴም የእኔን የፈታች ዕለት ክሩ ጠብቆበት ነው ብላ ነበር አሉ። ያን ጊዜ አባቴም ዝም ነው ያለው።