ከአሮን ተራራ ሥር የመጣው አሸዋ

ለምወድሽና ለምሳሳልሽ እህቴ ለእየሩስ፤

እንዴት ነሽ የኔ እህት? እንዴት ከርመሻል? ሙቀቱ እንዴት ያደርግሻል? ወገብሽስ ተሻለሽ ወይስ አሁንም ያን ሁሉ አንሶላ ብቻሽን ታጥቢያለሽ? ጾሙን በሰው አገር እንዴት ያዝሽው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ካንቺ ናፍቆት በቀር ደኅና ነን። ገብሱ ውርጭ ሳይመታው ገብቷል፤ በጎቹም ወልደዋል። እናታችንን ግን ደኅና ናት ብዬ አልሸነግልሽም። ዓይኗ ብሶባታል፤ ይህን ሁሉ የምጽፍልሽም በእሱ ነገር ነው። በስልክ እንዳልነግርሽ ገና ሰላምታችንን ሳንጨርስ መስመሩ ይቆረጣል፣ ነገሩም ረጅም ነው።

የአገራችን ልጅ ገበያነሽ ካንቺ ዘንድ ስትመለስ የላክሽውን ሁሉ አደረሰችልን። ሻርፑን እናታችን ለቤተ ክርስቲያን አደረገችው፤ ባለ ቀለም አሸዋ የሞላበትን ጠርሙስም ከአጠገቧ አኖረችው። ለእኔ የላክሽው ጫማ ጠበበኝ፤ ምነው እቴ፣ የእህትሽን እግር እንዲህ ትረሻለሽ? ደብዳቤሽን እኔ ላነብላት ስል እናታችን «አንቺ ትቸኩያለሽ» ብላ ከለከለችኝ። የነፍስ አባታችን ቄስ ኪዳነ ወልድ ተጠርተው መጡና ከመደቡ ላይ ተቀምጠው እስከ መጨረሻው አነበቡልን። ባሌ በኃይሉም የያዘውን ገመድ እንደያዘ ደጅ ላይ ቆሞ ቀረ።

ከምትሠሪበት አጠገብ ስላለችው ስለዚያች ስለ ጥንታዊቱ ፔትራ ከተማ የጻፍሽው እንዴት ያለ ነገር ነው! ቤቱና መቃብሩ ከቀዩ ቋጥኝ መፈልፈሉን ስንሰማ «እሱስ እኛም አገር አለ» ብለን ነበር። የደነቀን ኑሯቸው ነው። ዕጣኑ እነሱ አገር አይበቅልም፣ ከርቤውም የእነሱ አይደለም፤ ነጋዴው ከደቡብ በግመል ጭኖ ወደ ባሕር ሲያልፍ ነው የሚያገኙት። በኃይሉ «ታዲያ ምን ሸጠው ከበሩ?» ብሎ ጠየቀ። ቄስ ኪዳነ ወልድ ወደ ኋላ ተመልሰው ፈልገው፣ ውሃ፣ ማደሪያና መንገድ ጠባቂ እንደነበራቸው፣ ቀረጥም ይቀበሉ እንደነበር አነበቡለት። በዓመት ጥቂት ቀን ብቻ የሚዘንበውን ዝናብ ከገደሉ ላይ በቦይና በሸክላ ቧንቧ እየመሩ፣ ከድንጋይ በወቀሩት ጉድጓድ ያጠራቅሙት ነበር ማለትሽን በኃይሉ ሁለት ጊዜ አስነበበ። እሱ እንደሆነ ነገር ሁሉ በደንብ ወደምንጠብቀው ወደ ጓሳ ሣር ይወስደዋል፤ «እንደኛ ሣር ጠብቁ የሚል ሽማግሌና የማይጣስ ደንብ ባይኖራቸው ኖሮ ባንድ በጋ ተጋፍተው ይጨርሱት ነበር» አለ። እውነቱን ሳይሆን አይቀርም።

እናታችን ደግሞ የወደደችው ሌላ ነው። ሙታናቸውን ለማሰብ ከመቃብሩ አጠገብ በተፈለፈለ አዳራሽ ተሰብስበው ይበሉ ይጠጡ እንደነበር ስትሰማ፣ «ተዝካር ያወጡ ነበር በሉኛ! ደግ ሰዎች ናቸው» ብላ እዚያው ዘመድ አደረገቻቸው። ንግዱ በመርከብና በሌላ መንገድ ሲዞር፣ በኋላም መሬት ሲንቀጠቀጥ ከተማዋ ቀስ በቀስ ባዶ መቅረቷ ሲነበብ ግን ሁላችንንም የራሳችን ነገር ትዝ አለን። የመኪናው መንገድ በወዲያ በኩል ከወጣ ወዲህ ያ የእኛ የድሮ ገበያ ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ። አሁን እዚያ በግ ይግጥበታል።

ጉዱ የመጣው ከደብዳቤሽ መጨረሻ ነው። ከከተማዋ በላይ ካለው ተራራ ጫፍ የካህኑ የአሮን መቃብር ነው የሚባል ነጭ ጉልላት ይታያል፣ እስላሞቹም ያከብሩታል ብለሽ ጽፈሽ ነበር። ቄስ ኪዳነ ወልድ «ሖር ተራራ ነው፤ ኦሪት ዘኍልቍ ላይ አለ» ብለው አማተቡ። እናታችን ብድግ አለች። ያን ባለ ቀለም አሸዋ የሞላበትን ጠርሙስ ከደረቷ ለጥፋ «ይኸው እምነት ልካልኛለች! የአሮንን አፈር ልካልኛለች ልጄ!» ብላ እልልታዋን አቀለጠችው። በአሸዋው የተሣለውን ግመል ዓይኗ አይለየውም። አንገቱን በጣቷ እየተከተለች «ይቺ በትሩ ናት፣ ያቺ ያበበችው» አለች። ገበያነሽ ከጎኔ ሆና በጆሮዬ «ኧረ ይህ መንገድ ዳር ለፈረንጅ የሚሸጥ ነው» አለችኝ። እኔ ይህ ምላሴ ለሁሉ የሚደርሰው ሴትዮ፣ ያን ዕለት አፌ ተያዘ። እንዲያ ደስ ብሏት አይቻት አላውቅማ።

ያን ጊዜ መናገር ነበረብኝ። እሷ አሸዋውን በጠበል እያራሰች የዓይኗን ቆብ ትቀባው ገባች። ለጎረቤት ሁሉ ቆንጠር ቆንጠር እያደረገች አደለች፤ ተሾመች እንኳ ለጉልበቷ ወስዳለች። ለካ ከዚያ ቀደም ብላ የጤና ባለሙያዋ መጥታ ዓይኗን አይታ «የዓይን ሞራ ነው፣ ይገፈፋል» ብላት መዝግባት ነበር። ከዳግማይ ትንሣኤ ቀጥሎ ባለው ረቡዕ ሐኪሞች መሐል ሜዳ ከተማ ይመጣሉ። እናታችን ግን «የአሮን እምነት እቤቴ እያለ ቢላዋ ፍለጋ ብሄድ ቅዱሱን መናቅ ነው» ብላ እምቢ አለች። ዓይኗም ቀላ፣ አበጠ። ባለሙያዋ ተመልሳ ስታያት ደነገጠችና፣ ቁስል ከያዘው ሐኪሞቹ እንደማይነኩት ለእኔ ነገረችኝ። ያን ሌሊት እየሩስ፣ በገዛ ዝምታዬ እናቴን ላሳውር ነው አልኩ።

ለቄስ ኪዳነ ወልድ እውነቱን ነገርኳቸው፤ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እሳቸው ሊነግሯት መጡ። ገና አፋቸውን ሳይከፍቱ «አባቴ፣ ያን የከተማውን ነገር ይድገሙልኝ፣ ጨለማ ውስጥ ሆኜ ሳስበው ነው የምውለው» አለቻቸው። አነበቡላት። ከቦዩ ዘንድ ሲደርሱ እጇን አነሳችና አስቆመቻቸው። «አሮን በላያቸው አርፎ ሳለ እነዚህ ሰዎች ውሃውን እሱ ያውርድልን ብለው አልተቀመጡም?» አለች። «አልተቀመጡም። ዝናቡን እግዜር ይሰጣል፣ ቦዩን እነሱ ወቀሩ» አሏት። ጠርሙሱን አነሳችና «ይህ አሸዋ ከአሮን ነው ከገበያ?» ብላ ጠየቀች። እኔ የምገባበት ጠፋኝ። እሳቸውም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ከገበያ ነው ጌታነሽ» አሏት።

ታለቅሳለች ብዬ ነበር። ሳቀች እንጂ! «ግመሉን በትር ብዬ ስስመው ሰነበትኩ? ተሾመችስ ጉልበቴ ተሻለኝ ብላኝ የለም እንዴ!» እያለች እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ስትጨርስ ግን ፊቷ ተለወጠ። ቢላዋውን እንደምትፈራ፣ እምነቱን የያዘችውም ከፍርሃቷ ብዛት እንደነበረ ያን ዕለት ነገረችን። እናታችን ፈራሁ ስትል ሰምተሽ ታውቂያለሽ? እኔ አልሰማሁም። አሁን ባለሙያዋ የሰጠችንን ቅባት እየቀባኋት ቅላቱ ጎድሏል፤ ሐኪም ዘንድ እሄዳለሁ ብላለች፣ በኃይሉም በቅሎ ተውሶ ሊወስዳት ተዘጋጅቷል።

ታዲያ ካንቺ አንድ ነገር ትፈልጋለች። በዚያ ረቡዕ ጠዋት ፈቃድ ጠይቀሽ ተራራው ላይ እንድትወጪላትና እዚያ ሆነሽ እንድትጸልዪላት ነው። አፈር አታምጪ ብላለች፣ ቁሚልኝ ብቻ። ወገብሽ ካልቻለ እስከቻልሽው ድረስ ውጪና እዚያው ቁሚ። አደራ በሰማይ በምድር።

ቄስ ኪዳነ ወልድ ቡራኬያቸውን ልከውልሻል። በኃይሉ ሰላም ይልሻል፤ የውሃ ጠባቂዎቹ እንዴት ይመረጡ እንደነበር የሚያውቅ ሰው ካለ ጠይቂልኝ ይላል። ልጄ ቤተል ጉንጭሽን ትስማለች። ተሾመችም ሰላም ብላሻለች፤ ስለ አሸዋው እስካሁን የነገራት የለም፣ አንቺም እንዳትነግሪያት።

እናታችን ከዚህ አጠገቤ ተቀምጣ የምጽፈውን ሁሉ እያስነበበችኝ ነው። ይህን ጨምሪበት አለችኝ፦ «ጨርቁ ከዓይኔ ሲነሣ መጀመሪያ እሷን ማየት ነው የምሻው። ከሄደች ጀምሮ የላከችው ሁሉ የድንጋይ ፎቶ ነው። ድንጋዩ ይቆየኝ፤ ፊቷን ትላክልኝ።»

እህትሽ ወሰንየለሽ
ቀየት፣ መንዝ
መጋቢት ፲፱ ቀን ፳፻፲፩ ዓ.ም.