የአንገትሽ ልኬት

ለምሳሳልሽ እታለሜ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እንደምን ከረምሽ? ጠዋት ጠዋት ይይዝሽ የነበረው የወገብ ሕመም ለቀቀሽ ወይስ እንደ ልማድሽ ዝም ብለሽ ተሸክመሽው ትውያለሽ? እማዬስ እንዴት ናት? አሁንም ያለ መነጽር ክር በመርፌ ታስገባለች? እጮኛሽ መምህሩስ ደህና ነው? ሠርጉ ሲቃረብ እንዳይከሳብን፤ የእሱን ሱፍ የሚሰፋው ሌላ ሰው ስለሆነ ማጥበቡ ለእኔ አይመችም። እኔ በእግሬ እሄዳለሁ፣ እበላለሁ፣ ሥራዬንም እሠራለሁ። የቀረውን ወደ ታች ስትወርጂ ታገኚዋለሽ። ሌላ ጊዜ “ሁሉ ሰላም ነው” ብዬ እዘጋ ነበር፤ ዛሬ ግን አልሆነልኝም።

እማዬ አጠገብሽ ካለች እዚህ ላይ ወረቀቱን እጠፊውና ብቻሽን ስትሆኚ ቁጭ ብለሽ አንብቢው።

የሠርግ ቀሚስሽን እንድሰፋበት የላክሽልኝ ልኬት ከደረሰኝ ሦስት ሳምንት አለፈው። መልሱን ያዘገየሁት ሥራ በዝቶብኝ አይደለም። ወረቀቱን ባነሳሁት ቁጥር መልሼ አስቀምጠዋለሁ። ነገር ማዞር አልችልበትምና በቀጥታ ልንገርሽ። አጎታችንን ይዞት የነበረው ያ የአንገት ነገር እኔን ከያዘኝ አምስት ዓመት ሆነው። ልኬትሽ እንደሚለው ደግሞ አሁን አንቺንም ጀምሮሻል።

ከቤት ከመውጣቴ በፊት የሰፋሁልሽ ሰማያዊ ቀሚስ ትዝ ይልሻል? ልኬቱ ዛሬም በደብተሬ አለ። አውጥቼ ከአዲሱ ጎን አስቀመጥኩት። ወገብሽ ያኔም ሰባ፣ ዛሬም ሰባ ነው። የእጅ አንጓሽ ከአሥራ አምስት ንቅንቅ አላለም። አንገትሽ ግን ከሠላሳ ሦስት ተነስቶ አርባ ገብቷል፣ የክንድሽም ዙሪያ ከብብትሽ ሥር ከሃያ ሰባት ሠላሳ አምስት ደርሷል። ሰው ሲወፍር ወገቡ ተቀምጦ አንገቱ ብቻ አይወፍርም። እማዬ ደግሞ በወረቀቱ ጠርዝ ላይ በዚያ በተጣመመ ጽሕፈቷ “ልጄ ሞላ ብላለች፣ ደልቷታል፣ ተመስገን ነው” ብላ ጨምራበታለች። ያችን መስመር ደጋግሜ አነበብኳት።

አንድ ነገር ልንገርሽ፤ የሙያ ነገር ነው። እኛ ልብስ ሰፊዎች ጨርቁን ለሁለት አጥፈን አንዱን ጎን ብቻ ነው የምንቀድደው፤ ሲዘረጋ ሁለቱም ጎን እኩል ሆኖ ይወጣል። እኩል ያልሆነው ሰውየው ነው። አሥራ ሰባት ዓመት ሰው ስለካ ቀኝና ግራው እኩል የሆነ አንድ ሰው አላጋጠመኝም። የአንዱ ትከሻ ይወርዳል፣ የአንዷ ክንድ ይረዝማል፣ ሙሽራም ሆነ ባለሥልጣን እዚያ መስታወት ፊት ሲቆም ጠማማ ነው። አንቺም ያኔ ቀኝ ክንድሽ ሃያ ሰባት፣ ግራሽ ሃያ ስድስት ተኩል ነበር። አሁን ሠላሳ አምስትና ሠላሳ አምስት። እንደዚህ አስተካክሎ የሚሠራ አንድ ነገር ብቻ አውቃለሁ፣ እሱም በገዛ ገላዬ ላይ ነው ያለው።

የእኔ በኮሌታ ጀመረ። አንድ ጠዋት የላይኛው ቁልፍ አልቆለፍ አለኝ፤ ሸሚዙ ታጥቦ የጠበበ መስሎኝ ሌላ ሰፋሁ። ከጥቂት ወራት በኋላ እሱም እምቢ አለ። የስፌት ቤቱ አለቃ፣ በዕረፍት ቀኑ እንኳ ሜትር ከአንገቱ ስለማይወርድ “ሜትሮ” የምንለው፣ በሠራተኛው ሁሉ ፊት “ሚስት ሳታገባ እንዲህ ከደላህ፣ ስታገባማ በር አያስገባህም!” አለኝ። ሁሉም ሳቀ፣ እኔም አብሬ ሳቅኩ። ከዚያ ከማጅራቴ ላይ ግራና ቀኝ ሁለት ቡጢ የሚያህል ነገር ወጣ። ወደ ጆሮዬ ሥር ዞረ፣ ወደ ትከሻዬና ወደ ክንዶቼ ወረደ። ሲነኩት እንደ ሊጥ ልስልስ ያለ ነው፣ አያምም። አያምም እያልኩ ነው ሁለት ዓመት ያሳለፍኩት።

ሐኪም ቤት ስሄድ ወጣቱ ሐኪም ገና ሸሚዜን ሳወልቅ “በቀን ስንት ትጠጣለህ?” አለኝ። አልጠጣም አልኩት። እየጻፈ “እሺ፣ በሳምንትስ?” አለ። እኔ እንደሆንኩ የመጠጥ ሽታ ራሴን ያዞረኛል፤ ታውቂያለሽ። ለሦስተኛ ጊዜ ሲጠይቀኝ የማን ወንበር ላይ እንደተቀመጥኩ ገባኝ። ጠጪ ሲባል የኖረው አጎታችን ነኝ፤ የሚጠይቀኝም የቤታችን ሰው ሁሉ ነው። በኋላ አንዲት በዕድሜ የገፉ ሐኪም መጡ። ሁለቱንም ክንዴን ለክተው “በእናትህ በኩል እንዲህ የሆነ ሰው ነበር?” አሉኝ። “አዎ፣ የእናቴ ወንድም” አልኳቸው።

ያስረዱኝን እንደገባኝ ልጻፍልሽ። ስብ ነው፤ ካንሰር አይደለም። ብዙ ጊዜ የሚታየው በሚጠጡ ወንዶች ላይ ነው፤ ለዚህ ነው ሐኪሙ ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው። በአንዳንድ ቤተሰብ ግን መጠጥ ሳይኖርበት በእናት በኩል ይወርዳል፤ እንዲህ ሲሆን ሴትም ወንድም አይልም። የሚያጠፋው መድኃኒት የለም። በቢላ ይወጣል፣ ከዚያ ይመለሳል። ሐኪሟ ይህን ሲነግሩኝ ዓይናቸውን ከእኔ ላይ አላነሱም፤ ለዚህ አመሰግናቸዋለሁ።

እታለሜ፣ አጎታችን ጠጪ አልነበረም። “ትራሱ” ያልነው እኛ ነን፤ ትራሱን አንገቱ ላይ አስሮ የሚዞር ነው እያልን። ቀኑን ሙሉ ጎንበስ ብሎ የሰው ሰዓት ሲጠግን ይውላል፣ አመሻሹ ላይ ሲመለስ እማዬ በሩ ላይ ቆማ “ተንፍስ!” ትለዋለች። ያ ትልቅ ሰው እንደ ሕፃን አፉን ከፍቶ ይተነፍስላታል። ምንም ስታጣበት ደግሞ “ሽታውን በምን እንደሚያጠፋው እንጃ!” ብላ ታልፋለች። እኔና አንቺ የእንግዳ ትራስ አንገታችን ላይ በገመድ አስረን ግቢ ውስጥ ስንንገዳገድ የያዘን ቀን ትዝ ይልሻል? ይቆጣናል ብለን ደርቀን ቀረን። ጎንበስ ብሎ የአንቺን ገመድ አላላና ትራሱን ወደ ማጅራትሽ እየገፋ “ወደ ኋላ ነው እንጂ፤ እንዲህ ብታስሩት እኮ ያንቃችኋል” አለን። እሱ በኋላ በተከራያት ክፍል ውስጥ ተቀምጦ እንዳደረ ሞቶ መገኘቱን ስንሰማ እማዬ “መጠጡ ገደለው” አለች፣ እኛም አዎ አልን። ጋደም ሲል ትንፋሽ ስለሚያጥረው ነበር ተቀምጦ የሚያድረው። ይህንን ያወቅኩት በራሴ ነው።

ሁለት ጊዜ ተቀድጃለሁ። ፈቃድ ተከልክያለሁ ያልኩሽ ሁለቱ ዓመታት እነዚያ ናቸው፤ ፎቶ አልልክም ያልኩሽም ለዚሁ ነው። ከመጀመሪያው በኋላ አንገቴን ሳየው አለቀስኩ፣ ነጭ ሸሚዝ ሰፍቼ ቁልፉን እስከ ላይ ቆልፌ መንገድ ለመንገድ ዞርኩ። ዓመት ሳይሞላ ተመለሰ። በሁለተኛው ጊዜ ቀዳጁ ሐኪም ከደም ሥርና ከነርቭ ጋር ስለተጠላለፈ ሁሉንም ማውጣት አልቻልኩም አለኝ። ሦስተኛ አልጠየቅኩም። አሁን ደግሞ የጣቶቼ ጫፍ ደንዝዟል። ሐኪሟ ይህም ከዚያው ጋር ሊመጣ ይችላል ብለዋል። መርፌ ሲወጋኝ የማውቀው ጨርቁ ላይ ደም ሳይ ነው፤ ልብስ ሰፊ ሆኜ መርፌው የት እንዳለ በዓይኔ እፈልጋለሁ። ሜትሮ አይቶ እንዳላየ ሆኖ ወደ መተኮሻው አዙሮኛል። ሰውየው ክፉ አይደለም።

ተሳስቼ እንዲሆን ምን ያህል እንደተመኘሁ አልነግርሽም። እማዬ ሜትሩን አላልታ ይዛው ይሆናል ብዬ ራሴን ላታልል ሞከርኩ፤ እሷ ግን ስትለካ ትንፋሽ እስኪያጥር ነው የምታጠብቀው። ያም ሆኖ ሐኪም ዘንድ ሂጂ። ስትሄጂ ጥያቄው ከአፋቸው ሳይወጣ “አልጠጣም፤ አጎቴም ነበረበት፣ ወንድሜም አለበት” በያቸው፣ ቢያንስ እኔና እሱ የተጠየቅነውን አትጠየቂም። ስትተኚ ትንፋሽ ካስቸገረሽ ደግሞ አንድ ቀን አታሳድሪው። ከዚህ ሌላ የምሰጥሽ የለኝም። ይድናል ብዬ ብጽፍልሽ ውሸቴን ትለዪዋለሽ። ለመምህሩ ከሠርጉ በፊት ትነግሪው እንደሆነ ግን እኔን አትጠይቂኝ፤ አምስት ዓመት ሙሉ ለገዛ እህቱ ያልነገረ ሰው ምን አፍ አለው።

ቀሚሱ አልቋል። አንገቱን ከፍ ያለ፣ ላላ ብሎ የሚተኛ አድርጌዋለሁ፤ ሰው ፋሽን ነው ይላል። እጅጌው ከላይ ሰፋ ብሎ አንጓሽ ላይ ይሰበሰባል። በዚህ እጄ ስለሰፋሁት ከታች ጠርዙ ላይ አንድ የደም ነጥብ ነበረች፤ በምራቄ አጥቤያታለሁ፣ አትታይም። አንገቱና ክንዱ ላይ ወደ ውስጥ የታጠፈ አራት ጣት ትርፍ ጨርቅ አለ። የሰፈርሽ ልብስ ሰፊ “ይህ ሁሉ ምን ያደርጋል” ብሎ እንዳይቆርጠው። ተፈትቶ መስፋቱ አይቀርም።

እኔ አልመጣም። እህቴ ስትዳር ቆሜ ላላጨበጭብ ነው። ተቆጪኝ፣ ስደቢኝ፣ ግን ስሚኝ። ብቻዬን ብመጣ እማዬ ልጄን ደላው ብላ ጎረቤት ትጠራለች። አንቺንም ብቻሽን ስታይሽ ሞላ ብላለች ብላ ደስ ብሏታል። ጎን ለጎን ቆመን አንድ ላይ ካየችን ግን ወንድሟን ታያለች። ያ ሁሉ ምሽት ያስተነፈሰችው ምን እንደነበረ፣ በማን በኩል አልፎ ወደ እኛ እንደወረደ ያን ጊዜ ይገባታል። በሰባ ስድስት ዓመቷ ይህን የምትሸከምበት ትከሻ የላትም። ስለዚህ ከእንግዲህ እኔና አንቺ እሷ ባለችበት አንድ ቤት ውስጥ አንቆምም። ይህን መጻፍ ከሁለቱም ቀዶ ጥገና የባሰ አሞኛል።

መምህሩን ሰላም በይልኝ፣ እህቴን በደህና ያዝልኝ ብሏል በይው። የግድግዳ ጎረቤታችንን፣ ያችን ሳቂታ ሴትዮ፣ ከነልጆቿ ሰላም በያት። አንቺን ግራና ቀኝ ጉንጭሽን ደጋግሜ ስሜሻለሁ። እማዬን ጉልበቷን ሳሚልኝ። ለምን ቀረ ካለችሽ አለቃው ፈቃድ ከለከለው በያት፣ እርግማኑንም ለሜትሮ ትላክለት፤ ይችለዋል። ሜትሮ ፈቃዱን ፈርሞ ከሰጠኝ አሥር ቀን ሆኖታል።

ታናሽ ወንድምሽ

ከስፌት ቤቱ በላይ ካለችው ክፍሌ
እሑድ ጠዋት፣ የካቲት 9 ቀን