ባሕሩን የዘጋው እጄ

ለምወድሽ ታላቅ እህቴ ኦክሬ፤ ቡሳን

ለመሆኑ እንዴት ነሽ? ባለቤትሽ ሥራ አገኘ ወይ? የሕፃኗስ ሳል ተሻላት? የእማን የአርባ ዘጠነኛ ቀን የሙት መታሰቢያ አውጥተን መርከብ ካሳፈርንሽ ወዲህ ወሬሽን ስላልሰማሁ ልቤ አላረፈም። እኔ ለጤናዬ ደህና ነኝ፤ ትምህርቴንም አላቋረጥኩም። የእማን የመጥለቂያ የጎማ ልብስ ከተሰቀለበት ለማውረድ ግን እስካሁን እጄ እምቢ ይለኛል። አክስታችን ቹንጃም ካኮረፈችኝ ዛሬ ስድስተኛ ቀኗ ነው። ከሌላ ሰው ከምትሰሚው እኔው ልንገርሽ።

እንደምታውቂው በእነዚህ ወራት የባሕር ቀንድ አውጣው እንቁላሉን ስለሚጥል ቅርቡ ባሕር ለለቀማ ይዘጋል። ዘንድሮ ግን አንድ ነጋዴ መጥቶ ትንሽ ትልቅ ሳልል ሁሉንም እገዛለሁ አለ። ጠላቂዎቹ ሴቶች ይከፈት ወይስ አይከፈት ለማለት ሰኞ ዕለት እሳት በሚሞቁበት የድንጋይ ካብ ውስጥ ተሰበሰቡ። በማኅበራቸው ውስጥ የእማ ቦታ ገና የቤታችን ስለሆነ፣ አንቺ በሌለሽበት እጅ የማወጣው እኔ ሆንኩ።

አክስቴ አጠገቧ አስቀምጣኝ፣ «እጄን ሳወጣ አውጣ፤ የምትበላው ከዚህ ነው» አለችኝ። እኔ ግን ዝም ማለት አቃተኝ። «የባሕሩ ሣር ጠፍቶ ድንጋዩ ነጥቷል። የቀሩትን ጥቂት ቀንድ አውጣዎች ሳይወልዱ ከለቀምናቸው ለከርሞ ምን ይተርፋል? እማስ ያን ያህል ርቃ የጠለቀችው ቅርቡ ስላለቀባት አይደል?» አልኳቸው። አለቃቸው እመት ማልሱን፣ «ጢሙ ሳይበቅል መካሪ ሆነብን! ለመሆኑ አንተ ትንፋሽህን ይዘህ ስንት ትቆጥራለህ?» ብላ አሳቀችብኝ። እጅ ሲቆጠር ይከፈት ያሉት አሥራ አንድ፣ አይከፈት ያልነው አሥራ ሁለት ሆንን። አክስቴ እጄን ትክ ብላ አየችና፣ «የእህቴ ልጅ ባትሆን እረግምህ ነበር» ብላ ወጣች።

እቴ፣ ያላሰብኩት ከዚያ በኋላ መጣ። ቅርቡ ሲዘጋባት አክስቴ ቤት አልተቀመጠችም፤ ኦክቶፐስ ፍለጋ እማ ወደቀረችበት ጥልቅ ባሕር ብቻዋን መውረድ ጀመረች። ልብሷን ይዤ «አትሂጂ» ብላት፣ «ቅርቡን የዘጋኸው አንተ! ታዲያ የት ልጥለቅ፣ በርሜል ውስጥ?» አለችኝ። ልብሷንም ከእጄ አስለቅቃ ወረደች። መዘጋቱ ልክ እንደነበረ ዛሬም አምናለሁ። ግን እጅ ያወጣሁት እኔ ሆኜ የምትሰጥመው እሷ ብትሆንስ?

ይህን የምጽፍልሽ ዓለቱ ላይ ተቀምጬ ነው። ከውኃው ብቅ ባለች ቁጥር ትንፋሿን ስታፏጭ እሰማለሁ፤ ፉጨቱ ሲዘገይ እስክሪብቶዬ ይቆማል። አንቺን ትሰማለችና እባክሽ ጻፊላት። ከሌሎቹ ተለይታ እንዳትወርድ ለምኚልኝ፤ ትምህርት ሲዘጋ በመንደሪን እርሻ ተቀጥሬ የጎደለውን እንደምሞላም ንገሪያት።

ባለቤትሽንና አማትሽን እጅ ነሥቻለሁ፤ የሕፃኗን ጉንጭ ሳሚልኝ። አክስታችን ሰላምታ አላስያዘችኝም፤ ፉጨቷን ግን ይኸው አሁን ሰማሁ። ባታናግረኝም መረቧን ልቀበላት ልውረድ።

ታናሽ ወንድምሽ ተክሱ
ቼጁ ደሴት፣ ጁን 14 ቀን 1998