አያ ካሳው እህላችንን አይቀምስም

ለባለቤቴ ለሞላ፣ ነፍስህን በደጉ ቦታ ያሳርፍልኝና፤

ከተለየኸን ሁለት ዓመት ከአምስት ወር ሆነ። በክፉው ዘመን፣ ተስቦው ቤት ለቤት ሲዞር፣ በታኅሣሥ ሚካኤል ማግስት ነው የቀበርንህ። በሕይወት ሳለህ በሰው ፊት አንቱ፣ ቤት ስንገባ አንተ እልህ ነበር። አሁን መሀላችን ሰው የለም፤ አንተ እልሃለሁ።

የሻረግ ከመቼ ወዲህ ነው የምትጽፈው ማለትህ አይቀርም። መሠረተ ትምህርት ገብቼ ነው። ሴት ፊደል ቆጥራ በሬ ልትጠምድበት ነው ወይ እያልህ ስትስቅብኝ ኖረሃል፤ ይኸው ጻፍሁልህ። እውነቱን ለመናገር ፊደል ወድጄም አይደለም። ከደሳለ የሚመጣውን ወረቀት ሌላ ሰው ሲያነብልኝ አንዲት ቃል ይቀንስብኛል ወይም ይጨምርብኛል ብዬ ነው። ጠባዬን ታውቀው የለ። ጠርጥር፣ ገንፎም ውስጥ አለ ስንጥር እያለች ነው እናቴ ያሳደገችኝ።

አዎ፣ ልጃችን ወታደር ማሰልጠኛ ገብቷል። ከጥምቀት በኋላ ገበሬ ማኅበሩ ስብሰባ ጠርቶ ለብሔራዊ ውትድርና የተመለመሉትን ስም አነበበ። ከኛ ጎጥ ስድስት ናቸው። ደሳለ ሞላ፣ ሃያ ዓመት ሲባል ሞክሼው የተጠራ መስሎኝ ዞር ዞር አልሁ። ልጁ አሥራ ስድስት ዓመቱ ነው፤ የወለድሁት እኔ ነኝ ብዬ ተነሣሁ። ሊቀ መንበሩ መዝገቡን ገልጦ በጣቱ አሳየኝ። ያን ጊዜ ገና ፊደል አልለየሁም፤ ያሳየኝ ቁጥር ይሁን የዝንብ ኩስ በምን አውቃለሁ። ከሁሉ የገረመኝ ግን ደሳለ ራሱ ቆሞ፣ አዎ ሃያ ሞልቶኛል ማለቱ ነው። አስፈራርተውት ነው አልሁ። ኮታ ጎድሎባቸው የአባት የለሽ ልጅ ዕድሜ ፍቀው የጻፉ መሰለኝ። ይባስ ብሎ የጎረቤታችን የዘርፌ ልጅ፣ ከደሳለ ጋር ባንድ ቀን ክርስትና የተነሣው፣ ስሙ ሳይጠራ ቀረ። ዘርፌ ለማን ምን ብትሰጥ ነው እያልሁ ስብሰልሰል ከረምሁ።

የስድስታችን ቤት ከዚያ ወዲህ እንዳንድ ቤት ሆኗል። እርሻውን በጅጌ ነው የምንወጣው፤ ዛሬ የአንዱን ነገ የሌላውን። በየወሩ አንዳችን ቤት ተሰብስበን በሶ እንፈጫለን፣ ዳቦ ቆሎ እንቆላለን፣ ከአባቶቹ አንዱ ተራ ገብቶ በወልድያ በኩል በመኪና ይዞላቸው ይሄዳል። ማሰልጠኛው ሙቀት አገር ነው አሉ። የአንዱ ልጅ ደብዳቤ ሲመጣ ሁላችንም እንጠራራለን፤ ስለሌሎቹም አንድ ሁለት ቃል አይጠፋበትም። በሁዳዴ ወገቤን ባመመኝ ጊዜ ሦስት ሳምንት ሙሉ ውኃ የቀዱልኝ፣ የፈጩልኝ እነሱ ናቸው። እነሱ ባይኖሩ አብጄ ነበር ሞላዬ።

ይህን ሁሉ እያደረጉልኝ ግን ልቤ አላርፍ አለ። የደሳለን ስንቅ የምቋጥረው እኔ ብቻ በማውቀው ቋጠሮ ነው። ቋጠሮው ሳይፈታ ደርሶህ እንደሆን ጻፍልኝ ብዬ ብልከው፣ እማዬ ዳቦ ቆሎው ከነጠጠሩ ደርሶኛል አለኝ። ያንተ ልጅ አይደል። ዘርፌም አልቀረችም፤ ልጇ ሳይሄድባት ከኛ ጋር ልትፈጭ ትመጣለች። ልጇ የቀረላት ሴት እዚህ ምን አላት እያልሁ የምትፈጨውን እንኳ በዓይኔ እከታተል ነበር።

ያስጨነቀኝ ግን አበልጃችን አያ ካሳው ነው። ከስድስቱ ቤት አይደለም፤ እንደምታውቀው ሴቶች ልጆች ብቻ ናቸው ያሉት። ደሳለ በሄደ በሳምንቱ ማንም ሳይጠራው በሬዎቹን ነድቶ መጣና ከወንዙ ማዶ ያለውን ማሳችንን ማረስ ጀመረ። የራሱን እርሻ ትቶ የኛን ያለሰልሳል። ይህ ደግ ነው። ነገር ግን እህላችንን አይቀምስም። ምሳ ይዤለት ስሄድ ኪሱ ውስጥ የቋጠረውን ቆሎ ያወጣል፣ ጠላ ስቀዳለት ወንዝ ወርዶ ውኃ ይጠጣል። አንተ ሳለህ ከመሶባችን የማይጠፋ ሰው። መጀመሪያ ሁዳዴ ነው፣ ጾሙን እያጠበቀ ነው ብዬ ተውሁት። ፋሲካ አለፈ። ከፋሲካ በኋላ ባለው ሃምሳ ቀን፣ ረቡዕና ዓርብ እንኳ በማይጾምበት፣ ጾም ላይ ነኝ አለኝ።

በአገራችን የሰው ደም ያለበት ሰው የባለደሙን እህል እንደማይቀምስ አንተም እኔም እናውቃለን። እህሉ ይፈርድበታላ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጄን የሰጠው እሱ ነው ብዬ ቆረጥሁ። የሴት ልጁን ባል ለማስቀረት የደሳለን ስም አስገብቶ ነው አልሁ። ለማንም አልተነፈስሁም። ከበሬዎቹ ኋላ ሲሄድ ጀርባውን እያየሁ ስንት ቀን ረገምሁት መሰለህ።

በግንቦት መጀመሪያ አንድ ቀን አላስችል አለኝ። ምሳውን ይዤ ወረድሁ፣ እንደ ልማዱ አልፈልግም አለ። እርፉን ያዝሁና ልጄን ማን እንደሰጠው ሳትነግረኝ አንድ ትልም አትጨምርም አልሁት። በሬዎቹን አቁሞ ድንበሩ ላይ ተቀመጠ። ከዚያ የተናገረውን እንዳለ ልጻፍልህ።

«የሰጠነውስ እኔና ሞላ ነን፣ የሻረግ። መሬቱ ሲከፋፈል ልጁ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። አሥራ ሦስት ነው ብዬ በታቦታችን በነአኩቶ ለአብ ምዬ አውራ ጣቴን አሳረፍሁ። ልጁ ከሄደ ወዲህ የዚህ ማሳ እህል በጉሮሮዬ አልወርድ አለኝ።»

እርፉን ለቅቄ አጠገቡ ተቀመጥሁ። ያን ቀን ትዝ አለኝ ሞላ። እያፏጨህ ነው የገባኸው። ከአሥራ ሦስት ዓመት በታች ላለ ልጅ ድርሻ አይቆጠርም ተብሎ ስንተክዝ ከርመን፣ ከወንዙ ማዶ ያለውን ማሳ ጨመሩልን አልኸኝ። እንዴት ብዬ አልጠየቅሁህም። ሰውን ሁሉ ስጠይቅ የምኖር ሴት ያን ቀን አፌን ዘጋሁ፤ ማሳው ደስ ብሎኝ ነበራ። ደሳለ ያኔ ከዘርፌ ልጅ በአራት ዓመት እበልጣለሁ እያለ ሲኩራራ የልጅ ጉራ መስሎኝ ስቄበታለሁ። ለካ አንተ ነህ ያስጠናኸው። ልጁ ከዚያው ላይ እየቆጠረ አድጎ፣ ሃያ ሞላኝ ብሎ ወጥቶ ሄደ። ማንም አላስፈራራውም። መዝገቡንም የፋቀው የለም። ዘርፌም ለማንም አልሰጠች። አገሩን ሁሉ ስጠረጥር አንተን ብቻ አልጠረጠርሁም።

ውሸታም እንደነበርህ ግን አውቅ ነበር። በክፉው ዘመን ሰው ቤት በልቼ መጣሁ እያልህ ድርሻህን ለኔና ለደሳለ ትተውልን ነበር። ማንም ቤት የሚበላ እንዳልነበረ እያወቅሁ ዝም ብዬ በላሁ። በዚያ ውሸትህ እኛ ዳንን፣ አንተ ተስቦውን የምትችልበት አቅም አጣህ። ያንን ሳስብ እንባዬ ይመጣል። ይኸኛውን ሳስብ ደግሞ መቃብርህ ላይ ቆሜ ልጮህብህ ያምረኛል።

ሥልጠናው በሰኔ ያልቃል። ከዚያ ወዴት እንደሚወስዷቸው የሚናገር የለም፤ ሁላችንም ግን እናውቃለን። ዝም ካልሁ ማሳው ለኔ፣ ስምህም ንጹሕ እንደሆነ ይቀራል፣ ልጁ ግን ይሄዳል። ከተናገርሁ ማሳው ይወሰዳል፣ አያ ካሳው በሐሰት ምስክርነት ይያዛል፣ አንተም በሞትህ በስብሰባ ትወቀሳለህ። ለስድስቱ ቤት መንገሩ ደግሞ ከሁሉ ከበደኝ። የነሱ ልጆች እዚያው እየቀሩ የኔን ልመልስ ስል ምን ይሉኛል ብዬ ሁለት ቀን ደበቅኋቸው። በሦስተኛው ቀን ነገርኋቸው። ዓይን ዓይናቸውን አየሁ። ኋላ አንዷ እናት፣ አንድም ቢሆን ይምጣልን፣ የነዚያን ነገር ከአፉ እንሰማለን አለች። ያለችው ከልቧ ይሁን አይሁን እስካሁን እጠራጠራለሁ፤ ግን ብላዋለች።

ወደ ገበሬ ማኅበሩ ሄድን። አያ ካሳው ሳልለምነው ፊት ፊት ሄደ። ዘርፌም መጣች። ደሳለና ልጇ ባንድ ቀን ክርስትና እንደተነሡ፣ ልጇም አሥራ ስድስት እንደሆነ በሰው ሁሉ ፊት ተናገረች። ልጅ አለኝ ብሎ ለመልማይ መጮህ እኮ ነው። እኔ በእሷ ቦታ ብሆን አደርገው ነበር ወይ ብዬ ራሴን ጠየቅሁና መልሱን አልወደድሁትም። ሊቀ መንበሩ ሰምቶ ሲያበቃ «መሬቱን እንረከባለን፤ የልጁ ነገር ይጣራል» አለ።

በማግስቱ ገመድ ይዘው መጥተው ማሳውን ለክተው ወሰዱ፣ ከነአያ ካሳው ልፋት። እሱንም አራት ቀን አሰሩት። ስድስቱ ቤት የቀረውን እርሻውን ጨረሱለት፣ እኔም ዘርፌ በሰጠችኝ ባቄላ ወጥ ሠርቼ እስር ቤት ወሰድሁለት። በላ። የደሳለ ነገር ግን ዛሬ አሥራ ሁለት ቀኑ፣ አሁንም ይጣራል። ወረቀቱ ወደ አውራጃ ሄዷል ይሉኛል። ግልባጩን አሳዩኝ ስላቸው ሣጥኑ ተቆልፏል፣ ቁልፉን የያዘው ሰው ወገል ጤና ከተማ ሄዷል ይላሉ። ገመዱን የያዘው ሰው ግን ያን ቀን የትም አልሄደም ነበር።

ስለዚህ ሰኞ ራሴ እሄዳለሁ። ስንቅ የመውሰዱ ተራ የኔ እንዲሆን ለመንኋቸው፣ እሺ አሉኝ። ቤቱን ዘርፌ ትጠብቃለች። ማሰልጠኛው በር ላይ ቆሜ ላገኘሁት አለቃ ሁሉ እናገራለሁ፤ ልጄን ባይሰጡኝ እንኳ ለሱ ለራሱ ዕድሜውን እነግረዋለሁ። አሥራ ስድስት ነህ፣ አባትህ ነው የጨመረብህ፣ የጨመረውም መሬት ይኑርህ ብሎ ነው እለዋለሁ። ሁለቱንም እነግረዋለሁ፤ አንዱን ብቻ ብነግረው እኔም እንዳንተ መዋሸቴ ነው።

ሙት ወቃሽ አያድርገኝ እያልሁ ይኸው ስወቅስህ አመሸሁ። ተዝካርህን አላስቀርም፤ የተረፈችን ቁራሽ መሬት በምታፈራው አወጣልሃለሁ፣ ቄሱም ስምህን ይጠሩልሃል። እኔም በየቀኑ እጠራሃለሁ፤ የተራብህልንን ቀን እያሰብሁ፣ አውራ ጣት ያስረገጥኸውንም ቀን እያሰብሁ። አልረሳህም ሞላዬ። ብረሳህማ ይቅር ማለቱ እንዴት በቀለለኝ።

ሚስትህ የሻረግ