ከመምህሩ ሬድዮ የወጣችው ትራንስፎርመር

ውድ መርፌ፣

አድራሻህን የሰጠችኝ አክስትህ ናት። ሊፍት እንደምትጠግን ነገረችኝ፤ ጥሩ ነው፣ ከሬድዮ ይልቅ ለሊፍት የሚከፍል ሰው አይጠፋም። ደብዳቤውን ጀምረህ እንዳትቀደው ስለምሰጋ ዋናውን ነገር አስቀድሜዋለሁ። የዛሬ ስድስት ዓመት የመምህሩን ትራንስፎርመር ያወጣሁት እኔ ነኝ።

እንዴት እንዳወቅኩ ልንገርህ። ባለፈው ወር የመምህሩ ልጅ ያንን ባለ እንጨት ሬድዮ በታክሲ ጭና ሱቃችን መጣች። አሁንም «ሱቃችን» እያልኩ ነው፣ ልማድ ሆኖብኝ። አባቷ አልጋ ከያዙ ሰንብተዋል፤ «በዚያኛው ልስማ» እያሉ አስቸግረዋታል። ብከፍተው ድምፁን ወደ ስፒከሩ የምታሻግረው ትራንስፎርመር ያኔ እንደተቃጠለች ናት።

አዲስ ማስመጣት የማይታሰብ ነው፤ ከባሕር ማዶ የሚያመጣው ሰውዬ የጠራው ዋጋ ሬድዮውን ከነጠረጴዛው ይገዛል። አሮጌ ዕቃ ነጋዴው ደግሞ አጥብቄ እንደምፈልጋት ከፊቴ አነበበና ዋጋውን እጥፍ አደረገው። «ስትገዛ ፊትህን ቤት ትተህ ሂድ» ትለኝ ነበር፤ አሁንም አልቻልኩበትም። ሞተር ጠምጣሚው እንዲህ የቀጠነ ሽቦ ካየ ዓመታት እንዳለፉት ነገረኝ። የቀሩኝ «ሬሳ» የምንላቸው፣ ባለቤት ያልጠየቃቸው የጓዳችን ሬድዮዎች ብቻ ነበሩ። ገብቼ ክዳን በክዳን እከፍት ጀመር።

ሃያ ሦስተኛው የፀጉር አስተካካዩ ነበር። ትራንስፎርመሯ ውስጡ ተቀምጣለች፣ ጤነኛ። ሕጋችንን አልረሳኸውም፤ ከአንዱ ሬድዮ አውጥቶ ለሌላው ያዋሰ ሰው በተቀባዩ ክዳን ውስጥ በእርሳስ ይጽፋል። ክዳኑ ላይ «ከመምህሩ፣ ለሙከራ። የዚህኛው እዚያ ናት» ይላል። ጽሑፉ የእኔ ነው፤ እንደ ሰካራም የሚንጋደድ «መ» የምጽፈው እኔ ብቻ ነኝ።

ያኔ ነገሩ ሁሉ መጣልኝ። የፀጉር አስተካካዩ ሬድዮ ድምፁ ይሰንፍ ነበር። ጥፋቱ ከየት እንደሆነ ለመለየት የታመመችውን ወደ መምህሩ ሬድዮ፣ የመምህሩን ጤነኛዋን ወደ ታመመው አዛወርኩ። በማግስቱ ትኩሳት ጣለኝ፤ ሁለት ሳምንት ተኛሁ። አንተ ምንም ሳታውቅ የመምህሩን የተበላሸ የድምፅ ቁልፍ ቀየርክና ሬድዮውን መለስክላቸው። የታመመችው ጥቂት ቀን ሠርታ ተቃጠለች። ፀጉር አስተካካዩ ሠፈር ለቅቆ ሄደ፣ ዕቃውንም አልጠየቀም። እኔ ስነሳ ማዛወሬን ጭራሽ ረስቼው ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለውን ታውቃለህ። መምህሩ ሬድዮውን መልሰው ሲያመጡት የውስጡ ትራንስፎርመር የእሳቸው እንዳልሆነች አየሁ። እሳቸው እየሰሙ «እዚህ ቤት ሌባ ከውጭ አይገባም» አልኩህ። አንተ ድምፅህን እንኳ ከፍ ሳታደርግ «ክዳኖቹን ሁሉ እንክፈት» አልከኝ። እምቢ አልኩ። ለምን እምቢ እንዳልኩ እስካሁን ራሴን ጠይቄ አላውቅም ነበር። በዚያ ሰሞን ደንበኛ ሁሉ «መርፌ አለ?» እያለ ነበር የሚገባው። ቀንቼብህ ነበር። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች የሚባለው ለእንደኔ ዓይነቱ ነው። ካቻቢቴህን ይዘህ ወጣህ፤ እኔም ሻይ አዘዝኩ።

ትራንስፎርመሯን አጽድቼ ገጠምኳት፣ ሞከርኳት፣ ሠራች። ሬድዮውን ራሴ ተሸክሜ መምህሩ ቤት ወሰድኩ። ትራስ ተደግፈው ተቀምጠዋል። ከራስጌያቸው አንዲት ትንሽ የእጅ ሬድዮ አየሁና አወቅኳት፤ ያንተ ናት፣ አንቴናዋ በሽቦ የታሰረው። ከሱቅ በወጣህ ማግስት «ዜና እንዳያመልጥዎ» ብለህ አምጥተህላቸው ኖሯል፣ ለእኔ እንዳይነግሩኝም አደራ ብለህ።

እዚያው ቆሜ ጥፋቴን ተናገርኩ። መምህሩ ትንሿን ሬድዮ እያዩ «ሳያጠፋ የሚክስ ሰው አለ እንዴ ብዬ፣ ሌባነቱን ያመንኩት በዚህችው ነበር» አሉ።

ትልቁን ሬድዮ ልከፍትላቸው እጄን ዘረጋሁ። ያዙኝ።

«ተው። እሱ መጥቶ ይክፈተው።»

ይቅርታ አድርግልኝ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደምትለኝ አውቃለሁ፣ እውነትህን ነው። ጥፋቱ የእኔ እንደነበር ለሠፈሩ ሁሉ ተናግሬያለሁ፤ የሻይ ቤቷ ባለቤት ሦስት ጊዜ አስደገመችኝ፣ ደስ ብሏት። ወደ ሱቅ ተመለስ አልልህም፤ ያን ለመጠየቅ ፊት የለኝም። የመምህሩን መልእክት ግን አደርሳለሁ ብያቸዋለሁ። ሐኪሙ ብዙ ቀን እንዳልሰጣቸው ልጃቸው ነግራኛለች። ሬድዮው ከአልጋቸው አጠገብ ተቀምጧል፤ ልትከፍትላቸው ስትነሳ ይቆጧታል። ዓይናቸው ደክሟል። ጆሯቸው ግን እስካሁን ይሰማል።

የሱቁን ቁልፍ ስለያዝኩ ብቻ በቀልድ የሾምከኝ፣

አለቃ