ስለ አንዲት ሕዋስና ስለ ሁለት እንቁላል የተጻፈ ግለ ሂስ

ጥር ፲፰ ቀን ፲፱፻፸፯ ዓ.ም.
ጅማ

ለተከበሩ ጓድ ወልደሰማያት
የቀበሌያችን የከተማ ነዋሪዎች ማኅበር ሊቀመንበር
ባሉበት

ክቡር ጓድ ሊቀመንበር፦

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደ ቢሮዎ በር የጠነከረ፣ እንቅልፍዎም ምንም እንዳልሠራ ሰው እንቅልፍ የጣፈጠ እንዲሆን እመኛለሁ። ለባለቤትዎና ለአምስቱ ልጆችዎ፣ በተለይም ባለፈው ወር በአሰንዳቦ በኩል በምስጢር ክርስትና ለተነሣችው ትንሿ ልጅዎ ዕድሜና ዕድገት እለምናለሁ። ሃይማኖት የአድኅሮት መሣሪያ መሆኑን በየስብሰባው ስለሚያስተምሩን፣ ይህን ወሬ እስከ ዛሬዋ ቀን ድረስ ለማንም ሳልተነፍስ በሆዴ ይዤው ቆይቻለሁ።

እኔ አሰገደች፣ የአማርኛ አስተማሪና የልብስ ሰፊው የጎሳዬ ባለቤት፣ ነገ እሑድ በነዋሪው ፊት የሚነበብ ግለ ሂስ ጽፌ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ እንድለጥፍ ባዘዙኝ መሠረት ይኸው ጽፌ ለጥፌያለሁ። ትእዛዙ ስለ ገጽ ብዛትም ሆነ ስለ ይዘት የወሰነው ነገር ባለመኖሩ እጅግ አመሰግናለሁ። እርስዎ እስኪያዩት ድረስ መንገደኛው ሁሉ ቆሞ ያነበው ይሆናል፤ ሕዝቡ እንዲያነብ ስንት ዓመት የደከምን ሰዎች አሁን አታንብብ ልንለው አይገባም።

፩. ጥፋቴን ከሥሩ ልናዘዝ። በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ጊዜ እርስዎን ፊደል ያስቆጠርኩ እኔ ነኝ። በቀበሌው አዳራሽ ሦስተኛው አግዳሚ ላይ ተቀምጠው፣ እርሳሱን እንደ አካፋ ጨብጠው፣ ከሀ እስከ ፐ በስድስት ሳምንት ሲዘልቁ ደስታዬ ወሰን አልነበረውም፤ ጎሳዬም ምስክር ወረቀትዎን የሚቀበሉበትን ኮት ሳያስከፍል ሰፋልዎት። ሆኖም ጊዜ አጠረንና አንድ ቃል ሁለት ትርጉም ሊኖረው እንደሚችል የሚያስረዳውን ትምህርት ሳናዳርሰው ዘመቻው አለቀ። ዛሬ ባለቤቴ የታሰረው ባላስተማርኩዎት በዚያ ትምህርት ምክንያት ስለሆነ፣ ጥፋቱ የአስተማሪዋ መሆኑን ያለ ምንም ማመንታት አምናለሁ።

፪. ሁለተኛው ጥፋቴ ልጅ መፈለጌ ነው። እኔና ጎሳዬ ከተጋባን አሥራ ሦስት ዓመታችን ነው። ጠበል ተጠምቄያለሁ፤ ከሸቤ የመጣልኝን የሥር ማሽ መድኃኒት እስኪያንገሸግሸኝ ጠጥቻለሁ፤ የጎሳዬ ዘመዶች ሌላ እንዲያገባ ሲመክሩት እሱ በአንድ መርፌ ብዙ ልብስ እንደሚሰፋ ነግሮ ሸኝቷቸዋል። በመጨረሻ አንድ ሐኪም መረመረኝና እንቁላል ወደ ማሕፀን የሚያልፍባቸው ሁለቱ ቱቦዎች እንደተዘጉ፣ የቀረው አካሌ ሁሉ ግን ደህና እንደሆነ ነገረኝ። ይህንኑ ለእህቴ ለያለምወርቅ ጻፍኩላት። ያለምወርቅ፣ እርስዎም እንደሚያስታውሷት፣ በዚሁ ቀበሌ የድጋፍ ደብዳቤ ወደ ወዳጃችን ወደ ሶሻሊስቷ ቼኮስሎቫኪያ ሄዳ ነርስነት የተማረች ናት፤ አሁንም እዚያው በሆስፒታል ትሠራለች።

የእህቴ መልስ በሦስት ገጽ መጣ። ቱቦዋ ለተዘጋ ሴት አዲስ ሕክምና ተገኝቷል፤ በእንግሊዝ አገር ተጀምሮ እነሱም ዘንድ ደርሷል። ሴትየዋ እንቁላሎቿ እንዲበስሉ መርፌ ትወጋለች፤ ከዚያ እምብርቷ አጠገብ በትንሹ ተቀዶ እንቁላሎቹ ይወጣሉ፤ በመስታወት ዕቃ ውስጥ ከባሏ ዘር ጋር ተገናኝተው በሰውነት ሙቀት ልክ ይቀመጣሉ፤ በሁለት በሦስት ቀን ፅንስ መሆን ከጀመሩ በስስ ቱቦ ወደ ማሕፀን ይገባሉ። ዋስትና የለውም። ከአሥር ሴቶች ለአንዷ ወይም ለሁለቱ ቢሳካ ነው፤ አርባ የሞላትንም አይቀበሉም። እኔ ደግሞ ሠላሳ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ ተራ የተያዘልን እስከ መጋቢት መጨረሻ ብቻ ነው፤ ባልም አብሮ መገኘት አለበት። ያለ ጎሳዬ የእኔ እንቁላል ገበያ ላይ ከሚሸጠው የዶሮ እንቁላል አይሻልም ማለት ነው።

ከአገር ለመውጣት የቀበሌ ድጋፍ ስለሚያስፈልግ፣ የእህቴን ደብዳቤ በገዛ እጄ «አባሪ አንድ» ብዬ ጽፌበት ለቢሮዎ አስገባሁ፤ እርስዎም ማኅተም አድርገው ተቀበሉኝ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት እኔ ነኝ። ሴራውን በሁለት ቅጂ አዘጋጅቶ፣ የመዝገብ ቁጥር አስወጥቶ ለቀበሌ ያስገባ ሴረኛ ከእኔ በፊት ከነበረ ግን ስሙን ቢነግሩኝ ደስ ይለኛል።

፫. አሁን ወደ ቃሉ ልምጣ። ያለምወርቅ በደብዳቤዋ ሁለተኛ ገጽ ላይ የጻፈችውን፣ ነገ ራስዎ ለሕዝቡ ስለሚያነቡት፣ እዚህ ልገልብጠው፦ «መንገዱ ስለተዘጋ ሁለቱ ሕዋሶች እንዲገናኙ ከውጭ ሆነን እናግዛቸዋለን። ከተሳካ አንዷ ሕዋስ ሁለት ትሆናለች፤ ሁለቷ አራት፤ አራቷ ስምንት። ያን ጊዜ ወደ ውስጥ አስገብተን እንተክላታለን። ከዚያ አሥራ አራት ቀን ዝም ብሎ መጠበቅ ነው።»

ክቡር ጓድ፣ ሰውነታችን የተሠራው ከሕዋስ ነው። የእርስዎም ሰውነት ጭምር። እርስዎ ግን ሕዋስ ሲባል የሚያውቁት በስልሳ ዘጠኝ ዓ.ም. በየጓሮው ሲታደን የነበረውን የኅቡዕ ድርጅት ሕዋስ ብቻ በመሆኑ፣ ኮሚቴዎ ሦስት ቀን ሙሉ ተሰብስቦ ደብዳቤውን እንደሚከተለው ተረጎመው፦ ከውጭ የሚታገዝ ሕዋስ ተቋቁሟል፤ አንዱ ስምንት ሆኗል፤ ሰርጎ ገብ ወደ ውስጥ ይገባል፤ እንቁላል የተባለው የእጅ ቦምብ ነው፤ የሚተከለው ፈንጂ ነው፤ በአሥራ አራተኛው ቀን ይፈነዳል። አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል የሚለውን ተረት በክፍል ውስጥ ሳስተምር እርስዎ ከሁሉ በላይ ይስቁ እንደነበር ትዝ ይለኛል። ስለ ትጋትዎ አመሰግናለሁ፤ ልጄ ገና ሳይፀነስ የፖለቲካ አቋም እንዲኖረው ያደረጉት እርስዎ ነዎት።

፬. ታኅሣሥ ፳፭ ቀን፣ ሐሙስ በገበያ ሰዓት፣ ጎሳዬ በስፌት መኪናው ላይ እንደተቀመጠ ሦስት የአብዮት ጥበቃ ጓዶች መጥተው ወሰዱት። የለበሱትን ዩኒፎርም የሰፋው እሱ ነው። ከመካከላቸው ቱሉ የሚባለው፣ የአምስት ልጆች አባት፣ እጅጌው ብብቱ ሥር ተተርትሮ ነበርና ጎሳዬ እየተነሣ፣ «ስመለስ እሰፋልሃለሁ» ብሎታል። ይህን የሰማሁት በረንዳው ላይ ከነበሩት ደንበኞች ነው።

በዚያው ቀን ቤቴ ተፈተሸ። ከምታቅፈው ዶሮዬ ሥር ሰባት እንቁላል ተወስዶ በኤግዚቢትነት ተመዘገበ፤ ደረሰኝም ተሰጠኝ። ጫጩት ሊሆኑ አራት ቀን ቀርቷቸው ነበር። ዛሬ ከተወሰዱ ሃያ ሦስተኛ ቀናቸው ስለሆነ፣ በቢሮዎ መሳቢያ በኩል የሚመጣው ሽታ የኢምፔሪያሊዝም ሴራ አለመሆኑን በትሕትና አሳውቃለሁ። ዶሮዋ እስከ ዛሬ ድረስ ባዶውን ጭድ ታቅፋ ተቀምጣለች፤ እህል ብሰጣት አትነሣም። እሷን ሳይ ራሴን መያዝ ያቅተኛል።

፭. ጎረቤቴ ወይዘሮ ዙቤይዳ፣ በርበሬና ኮረሪማ እየሸጠች ሰባት ልጆች ያሳደገች፣ ማንበብ አትችልም፤ ደብዳቤውን እያነበብኩ ግማሹን በኦሮምኛ፣ ግማሹን በአማርኛ አድርጌ አስረዳኋት። ኮሚቴዎን ሦስት ቀን የፈጀበትን ነገር እሷ ገና ቆማ ሳለች ጨረሰችው። «ያ ረቢ፣ ቢቂልቱ ቡና ማለት አይደል እንዴ፤ በመደብ አፍልተሽ ሲጠና ወደ ማሳው ታዛውሪዋለሽ» አለችኝ። በእርግጥም ነገሩ የቡና ችግኝ ነው። ይህ አገር በሙሉ በቡና የሚኖር ነው፤ ፍሬው ማሳው ላይ አልበቅል ሲል ከጥላ ሥር በመደብ ላይ እንደሚፈላ፣ ሁለት ቅጠል ሲያወጣ እንደሚተከል፣ ከተተከለውም የሚጸድቀው ጥቂቱ እንደሆነ የማያውቅ ሰው የለም። እርስዎም ሊቀመንበር ከመሆንዎ በፊት ችግኝ አፍይ ነበሩ፤ እጅዎ የተባረከ ነው ይባል ነበር። ወይዘሮ ዙቤይዳ ይህን ስታነሣ፣ ጎሳዬን እንዲለቁት ዱዓ አድርጋ፣ በመጨረሻም ለእርስዎ ጭምር ዱዓ አደረገች፤ እኔ ግን አሜን ማለት ከበደኝ።

ስድስተኛውን ቁጥር ለመጻፍ እጄ እምቢ ስላለኝ ያለ ቁጥር እንድቀጥል ይፈቀድልኝ።

ላለፉት ሃያ ሁለት ቀናት በየቀኑ በስድስት ሰዓት ወደ ቀበሌው እስር ቤት ለጎሳዬ ስንቅ ሳደርስ ቆይቻለሁ። ሳህኑ ሁልጊዜ ባዶውን ይመለስልኝ ነበር፤ ጎሳዬ ሲበላ ጥርግ አድርጎ ስለሆነ በዚያ ብቻ ደህንነቱን አውቄ እመለስ ነበር። ትናንት ዓርብ ግን ቱሉ ከበሩ ላይ ወጥቶ ሳህኑን አልተቀበለኝም። ፊቴን አላየኝም፤ እጅጌው እንደተተረተረ ነው። «እትዬ፣ ከእንግዲህ ስንቅ አያምጡ» አለኝና ወደ ውስጥ ተመለሰ።

ክቡር ጓድ፣ በስልሳ ዘጠኝና በሰባ ዓ.ም. ይህች ዓረፍተ ነገር ምን ማለት እንደነበረች የዚህ ከተማ እናቶች መዝገበ ቃላት ሳይገልጡ ያውቁታል። ሰምተው፣ ሳህናቸውን ይዘው፣ ጮኸው እንኳ ሳያለቅሱ ወደ ቤታቸው ይመለሱ ነበር፤ ማልቀስ ተከልክሎ ነበርና። እኔ ግን የቋንቋ አስተማሪ ስለሆንኩ ከትናንት ጀምሮ ሌላ ትርጉም ስፈልግላት ውያለሁ። ተፈትቶ ወደ ቤቱ ሊመጣ ነው ማለት ሊሆን ይችላል። ወደ ሌላ እስር ቤት ተዛውሯል ማለትም ሊሆን ይችላል። ወይም ቀበሌው እስረኞቹን በራሱ ወጪ መመገብ ጀምሮ ይሆናል፤ ይህን ስጽፍ እኔም ሳልወድ ሳቅ አለኝ። ሁሉንም ጻፍኳቸው፣ ደረደርኳቸው፤ የቱም ቱሉ ለምን ዓይኔን እንዳላየ አያስረዳም።

እርስዎ «ሕዋስ» የምትለውን ቃል ተሳስተው አነበቡ። እኔም «ስንቅ አያምጡ» የምትለውን ተሳስቼ ያነበብኳት እንድትሆን እግርዎ ላይ ወድቄ እለምናለሁ። ሃያ ዓመት ሳስተምር ስሕተት ሳርም ኖሬያለሁ፤ ራሴ ስሕተተኛ መሆንን እንዲህ የተመኘሁበት ቀን ግን የለም። ነገ በሕዝቡ ፊት ተነሥተው «መምህርት፣ ተሳስተሻል» ቢሉኝ፣ ከዚያም ጎሳዬን ከኋላዎ ቢያስወጡት፣ ቀበሌው በሚፈልገው ቃል ሁሉ እፈርማለሁ፤ ቦምብ ነው ካሉም ቦምብ ነው እላለሁ፤ ልጁም ይቅርብኝ።

ከቢሮዎ ግድግዳ ላይ በትልቁ የተጻፈውን መፈክር፣ እናት አገር ወይም ሞት የሚለውን፣ ራሴ አስጠንቼዎታለሁ። እኔ ከዚያ መፈክር የፈለግሁት የመጀመሪያዋን ቃል ብቻ ነበር። የመጨረሻዋን የጠየቀዎት ሰው አልነበረም።

ለቃላት ጥንቃቄዎ፣ ለሰፊው ትዕግሥትዎ፣ ለሰባቱ እንቁላል ደረሰኝ ያለኝን የማይለካ ምስጋና እየገለጽኩ፣ ከማስታወቂያ ሰሌዳው ሥር ቆሜ መልስዎን የምጠብቅ የቀድሞ አስተማሪዎ፣

አሰገደች

ግልባጭ፦
ለእህቴ ለያለምወርቅ፣ ቼኮስሎቫኪያ
ለባለቤቴ ለጎሳዬ፣ ባለበት

ማሳሰቢያ፦ አያምጡ ብባልም ነገ ከስብሰባው በኋላ ስንቅ ይዤ እመጣለሁ። ሁለት የተቀቀለ እንቁላል ነው፤ አይፈነዳም። ሳህኑን መመለስ አያስፈልግም፤ ቅርፊቱን ብቻ ይላኩልኝ። ጎሳዬ እንቁላል ሲልጥ እንደ ልብስ ሰፊ ነው፤ ከአናቱ ጀምሮ ሳይበጥስ፣ እንደ ክር እያዞረ ያወርደዋል። ሌላ ሰው የላጠውን ለይቼ አውቃለሁ፤ በዚህ ንባብ እንኳ አልሳሳትም።