አንድ ጊዜ ብቻ ስለተጠየቅሁበት ስክሪን

ለተከበሩ ዶክተር ናጂብ ፋራሃንድ፣
የከተማችን ትምህርት ቤቶች የድምፅና የምስል መሣሪያ መራጭ ኮሚቴ ሰብሳቢ

ክቡር ሆይ፣ እንደምን ሰንብተዋል? ለእርስዎም ለባለቤትዎም ጤና ይብዛ፤ በተለይ የማስታወሻ ደብተር ገጽ ቶሎ የሚገልጡት ጣቶችዎ ከቁርጥማት ይጠበቁ። እኔ በሴቶች ትምህርት ቤታችን የአምስተኛ «ለ» መምህርት ነኝ፤ ሃያ ሁለት ዓመት የጠመኔ ብናኝ ስምግ ኖሬያለሁ። ደብዳቤዬን በጋዜጣ ያወጣሁት በግል ብጽፍልዎት መልስ መስጠቱ እንዳያደክምዎት ሰግቼ ነው።

አንደኛ፣ ትምህርት በተከፈተበት በሜህር ወር ክፍላችን ድረስ መጥተው፣ ስኳሩን በጥርስዎ ይዘው ሻያችንን ስለጠጡልን አመሰግናለሁ። ያን ቀን «ኻኖም ዳሽቲዛዴ፣ በጣት የሚነካውን ትልቁን ስክሪን ለእርስዎ ክፍል እናድርገው?» አሉኝ። እኔም አሳዳጊ ያልበደለኝ ሰው ነኝና «ኧረ እኔ ምን ሆኜ፣ ለሚያስፈልጋቸው ይሁን» አልኩ። ቀጥሎ የሚሆነውን አገሩ ሁሉ ያውቀዋል፤ እርስዎ ደግመው ይለምኑኛል፣ እኔም ደግሜ እግደረደራለሁ፣ በሦስተኛው «እንግዲህ ካሉ» እላለሁ። እርስዎ ግን አንድ ነገር ጻፉና ገጹን ገለጡ። ታክሲ ነጂ እንኳ «ሂሳቡ ይቅር» ሲል እንዲቀበል ሦስቴ ይለመናል። በቃለ ጉባኤው ላይ «መምህርቷ በፈቃዳቸው ትተውታል» ተብሎ መስፈሩን በኋላ አነበብኩ።

ሁለተኛ፣ ከግድግዳዬ ወዲያ የምታስተምረው የአምስተኛ «ሀ» መምህርት ማንዳና ባርዘጋር ያንኑ ጥያቄ ስትጠየቅ «እሺ፣ ስንት ኢንች ነው?» በማለቷ ስክሪኑን ስለሸለሟት፣ ለልጆቻችን ሥነ ምግባር ስናስተምር የኖርነውን ስላረሙልን ምስጋናዬ ከፍ ያለ ነው። ለእኔም ባዶ እጄን እንዳልቀር ስክሪን ላይ ቀይ ነጥብ የሚጥል መጠቆሚያ ልከውልኛል። ስክሪን ስለሌለኝ የግድግዳውን ስንጥቅ አሳይበታለሁ።

ሦስተኛውን መጻፍ ያሳፍራል፤ ግን ካፈርኩ አይመልሰኝ። ቀንቻለሁ። ማንዳና የትምህርት ዕቅዷን ከእኔ ስትገለብጥ የኖረች ሴት ናት። ዛሬ የስክሪኑን መወልወያ ጨርቅ ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ በኮሪደሩ ስታልፍ እስክትርቅ ድረስ ዓይኔን ከጨርቁ አልነቅልም። «ማህሊን፣ ዓይኔ ደከመ፣ ብርሃኑ በዛብኝ» ትለኛለች። እኔም «ይማርሽ እህቴ» እላለሁ፤ የምመኝላትን ግን ጋዜጣው አያትመውም።

ባለፈው ሳምንት ስለ ልብ ነበር የምናስተምረው። እኔ በቀይ ጠመኔ ሥዬ ደም ሥሮቹን ስቆጥር ከግድግዳው ወዲያ የእነሱ ልብ በድምፅ ማጉያው ድው ድው ይላል፤ ሴቶቹ ልጆች ይንጫጫሉ። የእኔዎቹ አንገታቸውን ወደ ግድግዳው አዘነበሉ። የገዛ ልጄ ናስታራን፣ ክፍል ውስጥ እማማ ሳትል እንደ ማንኛዋም ተማሪ በአክብሮት «ኻኖም» ነው የምትለኝ፣ እጇን አወጣች። «ኻኖም፣ የነሱ ይመታል። የኛስ?» አለች።

ከዚያ ወዲህ ስድስት ተማሪዎች ወደ «ሀ» ተዛውረዋል። ከአሥራ አምስት በታች የቀሩበት ክፍል ተዘግቶ ከሌላው ጋር እንዲቀላቀል ያዘዙት እርስዎ ነዎት። እኔ ጋ የቀሩት ልክ አሥራ አምስት ናቸው። ስለ ጥበብዎ አሁንም አመሰግናለሁ፤ ሁለት ክፍል ከማብራት አንዱን ማጥፋት መቅለሉን ማን ያስብ ነበር?

የሚቀጥለውን ምርጫዎን እንዲሁ በአንድ ጥያቄ የሚጨርሱበት ዕድሜ እየተመኘሁ፣ ከደጃፍዎ ሳልደርስ ከሩቅ እጅ የምነሣ፣

ማህሊን ዳሽቲዛዴ
የአምስተኛ «ለ» መምህርት፣ እስካሁን

ድኅረ ጽሑፍ፦ ናስታራን ትናንት ወደ «ሀ» ለመዛወር ቅጽ ሞልታ ቤት አመጣች። ለማመልከት አልፈራችም፤ ለእኔ ለመንገር ግን ፈርታ ከዳቦው መሶብ ሥር አስቀምጣው አገኘሁት። ቅጹ ተማሪዋን የምትለቅ መምህርት የምትፈርምበት ቦታ የለውም። ስለዚህ በወላጅነቴ ፈረምኩ፤ ዛሬ ጠዋት ለቢሮዎ አስገብቼዋለሁ። አሥራ አራት ቀርተዋል።